ከበግ ዕጢ እስከ ትንሿ ክኒን፦ የታይሮይድ መድኃኒት ታሪክ ለምርጫችን ምን ያስተምረናል?



ስለ ሕክምና መደጎሚያ ሂሳባችን በተወያየንባቸው ስብሰባዎች ደጋግሞ የሚነሳ አንድ ጥያቄ አለ። የታይሮይድ ሆርሞን አንሷቸው በየቀኑ ክኒን የሚወስዱ እህቶቻችን «ከመድኃኒቶቹ የትኛውን እንያዝ?» ይላሉ። አንዳንዶቹ መድኃኒት ቤት የሚያገኙት ሌቮታይሮክሲን የሚባለውን ብቻ ነው፤ እሱም በገዙ ቁጥር የሌላ ፋብሪካ ሆኖ ይጠብቃቸዋል። አንዳንዶቹ ውጭ አገር ያሉ ዘመዶቻቸው «የተፈጥሮ ነው፣ ይሻልሻል» ብለው የላኩላቸውን ይዘው ይመጣሉ። ሁለት ዓይነት ሆርሞን አብሮ መውሰድ ድካምን ያጠፋል ሲባል የሰሙም አሉ። ከደጋፊዎቻችን በኩል ደግሞ «ርካሹን ገዝታችሁ ለብዙ ሰው ብታዳርሱስ?» የሚል ተገቢ ጥያቄ ቀርቦልናል።

እኛ ደረሰኝ ሰብስበን ሂሳብ የምንዘጋ ሰዎች ነን እንጂ ሐኪሞች አይደለንም። ለማን የትኛው መድኃኒት በምን ያህል መጠን ይታዘዝ የሚለውን የሚወስነው ሐኪም ነው። ይሁን እንጂ የማኅበሩ ገንዘብ የሚወጣበትን ነገር ታሪኩን ማወቅ የእኛም ሥራ ነው ብለን ተነሳን። ታሪኩን ስናገላብጥ አንድ ነገር ጎልቶ ታየን። ከ130 ዓመት በላይ በቆየው በዚህ ክርክር ውስጥ ነገሩን ወደፊት ያራመዱት ሁለት ነገሮች ናቸው፤ አንዱ በትክክል መለካት ነው፣ ሁለተኛው ታማሚዋን ማዳመጥ ነው። አንደኛው በጎደለ ጊዜ ሁሉ የተጎዱት በአብዛኛው ሴቶች ናቸው። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ እናሳውቃለን።

ዕጢው ምን ይሠራል?

የታይሮይድ ዕጢ ከአንገታችን ፊት ለፊት፣ ከማንቁርት ዝቅ ብሎ የሚገኝ የቢራቢሮ ቅርጽ ያለው ትንሽ ዕጢ ነው። ሲያብጥ እንቅርት የምንለው ይኸው ነው። ከምግብና ከጨው ያገኘነውን አዮዲን ወስዶ ሁለት ሆርሞኖች ይሠራል። የመጀመሪያው ታይሮክሲን ሲሆን አራት የአዮዲን አተሞች ስላሉት ሐኪሞች ቲ-4 ይሉታል። ሁለተኛው ሦስት አዮዲን ያለው ቲ-3 ነው። እነዚህ ሆርሞኖች ልብ በምን ፍጥነት እንደሚመታ፣ ሰውነት ምን ያህል ሙቀት እንደሚያመነጭ፣ አንጀት እንዴት እንደሚሠራ፣ የወር አበባ እንዴት እንደሚመጣ ይቆጣጠራሉ።

ሆርሞኑ ሲያንስ ሁሉም ነገር ይቀዘቅዛል። ሰውየዋ ይደክማታል፣ ብርድ አይለቃትም፣ ሆዷ ይደርቃል፣ ሳትበላ ትወፍራለች፣ ፊቷ ያብጣል፣ ድምፅዋ ይጎረንናል፣ ትረሳለች። ሕመሙ ከወንዶች ይልቅ ሴቶችን በብዙ እጥፍ ያጠቃል። ምልክቶቹ ቀስ ብለው ስለሚመጡ «ሥራ በዝቶባት ነው»፣ «ዕድሜ ነው»፣ «ከወለደች ወዲህ ነው» እየተባለ ብዙ ጊዜ ያልፋል።

ስም የሌለው የሴቶች ሕመም

በ1873 ዊልያም ጋል የተባለ የለንደን ሐኪም አዋቂ ሴቶች ላይ ያየውን እንግዳ ሁኔታ ለሙያ ባልደረቦቹ አቀረበ። ሴቶቹ ቀድሞ ጤነኞች ነበሩ፤ ኋላ ግን ፊታቸው አብጦ፣ ምላሳቸው ወፍሮ፣ አስተሳሰባቸው ዘግይቶ አገኛቸው። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ዊልያም ኦርድ የተባለው ሌላ ሐኪም ለሕመሙ ሚክስዴማ የሚል ስም አወጣለት። ስም ወጣ እንጂ ምክንያቱ ገና አልታወቀም ነበር።

ምክንያቱ የታወቀው ባልታሰበ መንገድ፣ ከስዊዘርላንድ ነው። ስዊዘርላንድ እንደ እኛ ደጋ ተራራማ አገር ናት፤ አፈሯ አዮዲን ስለሚያንሰው እንቅርት የበዛባት ነበረች። በበርን ከተማ ቴዎዶር ኮኸር የሚባል ታዋቂ ቀዶ ሐኪም እንቅርት በማውጣት ስም ነበረው። ቀዶ ሕክምናው የተሳካ ነበር፤ ቁስሉ ይድናል፣ ታማሚው ወደ ቤቱ ይሄዳል። ከዚያ በኋላ ያለውን ግን ማንም አልተከታተለም። ኮኸር በ1883 ዕጢያቸው ሙሉ በሙሉ የወጣላቸውን ሰዎች መልሶ አስጠርቶ ከመጡት 18 ሰዎች 16ቱ ሰውነታቸው አብጦ፣ አእምሯቸው ደንዝዞ አገኛቸው። ያየውን ሳይደብቅ አሳተመ፤ ካንሰር ካልሆነ በቀር ዕጢውን ሙሉ በሙሉ ማውጣቱንም አቆመ። በ1909 የኖቤል ሽልማት አግኝቷል። በ1888 አንድ የለንደን የሐኪሞች ኮሚቴ የጋል ሴቶችና የኮኸር ታማሚዎች ሕመም አንድ መሆኑን፣ ምክንያቱም የታይሮይድ ዕጢ መጥፋት ወይም መዳከም መሆኑን አረጋገጠ።

ይህ የኮኸር ታሪክ ለእኛ አገር ሩቅ አይደለም። በአገራችንም እንቅርታቸው በቀዶ ሕክምና የወጣላቸው እናቶች ብዙ ናቸው። ዕጢው ሙሉ በሙሉ የወጣላት ሴት ዕድሜ ልኳን ሆርሞኑን በክኒን መተካት ይኖርባታል። ቁስሉ መዳኑ የሂሳቡ መዘጊያ አይደለም።

የኒውካስሏ ሴትና 870 በጎች

ዕጢው መጉደሉ ከታወቀ፣ የጎደለውን መመለስ ይቻል ይሆን? በ1891 ጆርጅ መሪ የተባለ በእንግሊዝ የኒውካስል ወጣት ሐኪም ሞከረው። ከታረደ በግ የወጣ የታይሮይድ ዕጢ በግሊሰሪን ዘፍዝፎ ጭማቂውን አንዲት የ46 ዓመት ሴት በመርፌ ወጋት። በጥቂት ወራት ውስጥ የፊቷ እብጠት ወረደ፣ ንግግሯ ፈጠነ፣ ለመራመድ በረታች። በሚቀጥለው ዓመት መርፌውም አላስፈለገም፤ ዕጢው በአፍ ቢወሰድም እንደሚሠራ ታወቀ። ኤድዋርድ ፎክስ የተባለ ሐኪም ለታማሚው ያዘዘው በሳምንት አንድ ጊዜ ግማሽ የበግ ዕጢ ጠበስ ተደርጎና ተከትፎ ከማርማላታ ጋር እንዲበላ ነበር።

የመሪ ታማሚ መድኃኒቷን ሳታቋርጥ 28 ዓመት ኖራ በ74 ዓመቷ በ1919 አረፈች። መሪም የሕይወቷን ታሪክ በሚቀጥለው ዓመት ሲያሳትም የወሰደችው መድኃኒት ከ870 በላይ ከሆኑ በጎች የተዘጋጀ መሆኑን አስልቶ ጻፈ። እንደ ሂሳብ ሠራተኛ ይህ አኃዝ ደስ ይለናል፤ አንድ ሐኪም ለአንዲት ሴት የወጣውን ወጪ እስከ መጨረሻው መዝግቦ ሲያቀርብ ማየት ብርቅ ነው። ከዚህም የምንረዳው ይህ ሕክምና ከመጀመሪያው ጀምሮ ዕድሜ ልክ የሚዘልቅ ወጪ መሆኑን ነው። የአንድ ጊዜ እርዳታ አይበቃውም።

ሠላሳ ኩንታል ዕጢ፣ 33 ግራም ሆርሞን

ከዚያ በኋላ የደረቀ የእንስሳ ዕጢ ተፈጭቶ በክኒን መልክ መሸጥ ጀመረ። በአሜሪካ በብዛት የሚዘጋጀው ከአሳማ ነበር። ይህ ክኒን ለብዙ አሥርት ዓመታት ብቸኛው ተግባራዊ መድኃኒት ሆኖ ቆይቷል፤ ብዙ ሕይወትም አትርፏል። ችግሩ መለኪያው ላይ ነበር። ፋብሪካዎች የክኒኑን ጥንካሬ የሚለኩት በውስጡ ባለው አዮዲን መጠን ነበር። አዮዲን ግን ሆርሞን ማለት አይደለም፤ አዮዲኑ እኩል ሆኖ ሆርሞኑ የተለያየ ሊሆን ይችላል። በመሆኑም አንዱ ጠርሙስ ከሌላው ይበረታ ወይም ይደክም ነበር።

ንጹሑን ሆርሞን ለማግኘት የተደረገው ትግል ረጅም ነው። ኤድዋርድ ኬንዳል በአሜሪካ ሜዮ ክሊኒክ በ1914 የፈረንጆች ገና ዕለት ታይሮክሲንን ለይቶ አወጣ። ወደ 33 ግራም የሚሆነውን ለማግኘት ሦስት ቶን፣ በእኛ አነጋገር ሠላሳ ኩንታል የሚያህል የአሳማ ዕጢ ፈጅቶበታል። በ1926 ቻርልስ ሃሪንግተን በለንደን የሆርሞኑን ትክክለኛ አሠራር አወቀ፤ በሚቀጥለው ዓመት ከጆርጅ ባርገር ጋር ሆኖ በቤተ ሙከራ ሠራው። ከእንግዲህ በግም አሳማም አያስፈልግም ነበር። ይሁን እንጂ ያ ንጹሕ ሆርሞን ውድ ነበር፤ ሲዋጥም ከአንጀት ወደ ደም በደንብ አይገባም። የሚገባው ዓይነት፣ ማለትም የታይሮክሲን ሶዲየም ጨው፣ የተዘጋጀው በ1940ዎቹ መጨረሻ ሲሆን ዛሬ በመድኃኒት ቤት ሌቮታይሮክሲን የምንለው ይኸው ነው።

በ1952 ደግሞ ሁለተኛው ሆርሞን ቲ-3 ተገኘ። ያገኙት ጃክ ግሮስና ሮዛሊንድ ፒት-ሪቨርስ የተባሉ የለንደን ተመራማሪዎች ናቸው። ሮዛሊንድ ሴት ኬሚስት እንደነበረች ለእኛ አንባቢዎች መጥቀስ ተገቢ ነው። ቲ-3 ከቲ-4 ይልቅ ፈጥኖና በርትቶ የሚሠራ ነው፤ በመድኃኒትነቱ ሊዮታይሮኒን ይባላል። እንግዲህ በ1950ዎቹ አንዲት ታማሚ ፊት ሦስት መድኃኒቶች ቀረቡ፦ የደረቀው የእንስሳ ዕጢ፣ ሌቮታይሮክሲንና ሊዮታይሮኒን። ዛሬም የምንጠየቀው ስለ እነዚሁ ሦስቱ ነው።

የባንክ መግለጫው ሲመጣ

በዚያን ጊዜ ሐኪሞች መጠኑን የሚወስኑት በአብዛኛው የታማሚዋን ምልክት አይተው ነበር። በ1960ዎቹ ግን ቲኤስኤች የሚባለውን በደም የሚለካበት ዘዴ ተገኘ። ቲኤስኤች ከአንጎል ሥር ያለችው ፒቱታሪ የተባለች ዕጢ ታይሮይድን የምታዝበት መልእክት ነው። ሆርሞን ሲያንስ መልእክቱ ይበዛል፤ ሆርሞን ሲበዛ መልእክቱ ይጠፋል። ለእኛ ሥራ ሲነጻጸር ልክ እንደ ባንክ መግለጫ ነው። መዝገባችን ትክክል መስሎን ሳለ መግለጫው መጥቶ ልዩነቱን ያሳየናል።

ያም መግለጫ ብዙ ታማሚዎች ከሚያስፈልጋቸው በላይ ሲወስዱ መኖራቸውን አሳየ። ከመጠን ያለፈ ሆርሞን ልብን ያስጨንቃል፣ በተለይ የወር አበባቸው የቆመ ሴቶችን አጥንት ያሳሳል። ስለዚህ መጠኑ እንዲቀንስ ሆነ። በ1970 ደግሞ ሉዊስ ብሬቨርማንና ባልደረቦቹ ዕጢ የሌላቸው ሰዎች ቲ-4 ብቻ ሲወስዱ ሰውነታቸው ከእሱ ቲ-3 እንደሚሠራ አረጋገጡ። ይህ ትልቅ ግኝት ነው። ሰውነት ራሱ የሚቀይረው ከሆነ ሁለቱን ለየብቻ መስጠት ለምን ያስፈልጋል? ሌቮታይሮክሲን በተጨማሪ በደም ውስጥ ወደ ግማሹ ለመውረድ አንድ ሳምንት ያህል ይፈጅበታል፤ ስለዚህ በቀን አንድ ጊዜ መውሰድ ይበቃል፣ በደም ውስጥም ከፍ ዝቅ አይልም። ቲ-3 ግን ከወሰዱት በኋላ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ይወጣና መልሶ ይወርዳል። ከዚህ በኋላ ሐኪሞች የደረቀውን ዕጢ እየተዉ ወደ ሌቮታይሮክሲን ዞሩ። የአሜሪካ የታይሮይድ ማኅበርም በ2014 ባወጣው መመሪያ መደበኛው ሕክምና ሌቮታይሮክሲን መሆኑን አጽንቷል።

22 ሴቶችና የተደበቀው ውጤት

ቀጣዩ ክርክር በራሱ በሌቮታይሮክሲን ላይ ነበር፦ የታወቀው ስም ያለው ውዱ ይሻላል ወይስ ርካሹ? ለደጋፊዎቻችን ጥያቄ በቀጥታ የሚመልሰው ይህ የታሪኩ ክፍል ነው።

በአሜሪካ ገበያውን ይዞ የነበረው ሲንትሮይድ የሚባለው ነው። አምራቹ ኩባንያ በ1987 በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሳን ፍራንሲስኮ ለምትገኘው ፋርማሲስት ቤቲ ዶንግ ጥናት እንድታካሂድ ገንዘብ ሰጠ። ዶንግና ባልደረቦቿ 22 ሴቶችን አራት ዓይነት ሌቮታይሮክሲን እያፈራረቁ ሰጥተው ደማቸውን ለኩ። ውጤቱ አራቱም መድኃኒቶች በደም ውስጥ እኩል እንደሆኑና አንዱ በሌላው ሊተካ እንደሚችል አሳየ። ይህ ለኩባንያው የምሥራች አልነበረም። በውሉ ውስጥ ያለ ኩባንያው ፈቃድ ውጤቱ እንዳይታተም የሚል አንቀጽ ነበር፤ ጽሑፉ በአሜሪካ የሕክምና ማኅበር መጽሔት ሊወጣ ከተዘጋጀ በኋላ በ1995 መጀመሪያ እንዲነሳ ተደረገ። ነገሩ በ1996 በጋዜጣ ከተጋለጠ በኋላ ጥናቱ በሚያዝያ 1997 ታተመ። አጥኚዎቹ ርካሾቹ ቢተኩ በዓመት 356 ሚሊዮን ዶላር ሊተርፍ እንደሚችል ገመቱ። ጥናቱ ካለቀ በ1990 እስከታተመበት ድረስ ያለው ጊዜ ለታማሚዎች ምን እንዳስወጣ ከዚህ አኃዝ ማስላት አያዳግትም።

እዚህ ላይ ግን መዝገቡ ሁለት ገጽ አለው። በዚያው በ1997 የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ቁጥጥር መሥሪያ ቤት በገበያ ላይ ያሉት የሌቮታይሮክሲን ክኒኖች ጥንካሬያቸው እንደሚዋዥቅ ገልጾ አምራቾች ሁሉ እንደ አዲስ መድኃኒት ፈቃድ እንዲያወጡ አዘዘ። በ2007 ደግሞ ክኒኑ እስከ ማብቂያ ቀኑ ድረስ ከተጻፈበት መጠን ከ95 በመቶ እንዳያንስ፣ ከ105 በመቶም እንዳይበልጥ ደነገገ። ይህን ያህል ጥብቅ የሆነው መድኃኒቱ በማይክሮግራም፣ ማለትም በሚሊዮንኛ ግራም የሚለካ ስለሆነና ትንሽ ልዩነትም በደም ስለሚታይ ነው።

ስለዚህ ርካሹን መግዛት በራሱ ጥፋት የለበትም፤ ጥራቱ በተቆጣጣሪ የተረጋገጠ ይሁን እንጂ። የሚጎዳው በየወሩ ከፋብሪካ ወደ ፋብሪካ መቀያየር ነው። መቀየር ግድ ከሆነም ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ቆይቶ ቲኤስኤች መለካት ያስፈልጋል።

አንድ ሆርሞን ወይስ ሁለት?

ቲኤስኤች ልክ ሆኖ ሳለ «አሁንም ይደክመኛል» የሚሉ ሴቶች ሁልጊዜም ነበሩ። ለብዙ ዓመታት የተሰጣቸው መልስ «ደምሽ ልክ ነው» የሚል ብቻ ነበር። በ1999 በሊትዌኒያ ካውናስ ከተማ ሮቤርታስ ቡኔቪቹስና ባልደረቦቹ ለ33 ታማሚዎች ከሌቮታይሮክሲናቸው 50 ማይክሮግራም ቀንሰው በምትኩ 12.5 ማይክሮግራም ቲ-3 ሰጡ። በስሜትና በአስተሳሰብ ላይ መሻሻል አገኙ። ዜናው በዓለም ተሰማ፤ ብዙ ሴቶች ተስፋ አደረጉ።

ከዚያ በኋላ ግን ሌሎች ሙከራዎች ተደረጉ። በ2006 በ11 ጥናቶች የተሳተፉ 1,216 ታማሚዎች ውጤት ተደምሮ ሲታይ በሁለቱ ሆርሞንና በአንዱ መካከል ልዩነት አልተገኘም። በ2013 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት ደግሞ 70 ታማሚዎች የደረቀውን የአሳማ ዕጢና ሌቮታይሮክሲንን የትኛው የትኛው እንደሆነ ሳያውቁ እያፈራረቁ እንዲወስዱ አደረገ። በኑሮ ጥራት መለኪያዎች ልዩነት አልታየም። ይሁን እንጂ ሲጠየቁ ግማሽ ያህሉ፣ 48.6 በመቶ የሚሆኑት፣ የደረቀውን ዕጢ መረጡ፤ ሌቮታይሮክሲንን የመረጡት 18.6 በመቶ ሲሆኑ የቀሩት አንዱን ከአንዱ አልለዩም። መለኪያው አንድ ነገር ይላል፣ ሰዎቹ ሌላ ይላሉ። ሁለቱንም መጻፍ ታማኝነት ነው ብለን እናምናለን። የአውሮፓ የታይሮይድ ማኅበር በ2012 የያዘው አቋም መካከለኛ ነው፤ በሌቮታይሮክሲን ልክ ሆነው ሕመሙ ያልለቀቃቸው፣ ሌላ ምክንያትም ያልተገኘባቸው ታማሚዎች በባለሙያ ክትትል ሁለቱን አብረው ሊሞክሩ ይችላሉ የሚል ነው።

ስለ ደረቀው ዕጢ አባሎቻችን ሊያውቁት የሚገባ ሌላም ነገር አለ። «የተፈጥሮ» የሚለው ቃል ከሰው ዕጢ ጋር አንድ ነው ማለት አይደለም። አንድ 60 ሚሊግራም ክኒን በተለመደው ዝግጅት 38 ማይክሮግራም ቲ-4 እና 9 ማይክሮግራም ቲ-3 አለው፤ ይህም አራት ለአንድ ያህል ነው። የሰው ዕጢ የሚያወጣው ግን አሥራ አራት ለአንድ ያህል ነው። ልቧ ለሚደክም ወይም ለጎለመሰች ሴት ይህ የቲ-3 ብዛት ቀላል ነገር አይደለም። በተጨማሪም መድኃኒቱ የሚሠራው ከአሳማ ስለሆነ ኦርቶዶክስም ሆነች ሙስሊም እህታችን ይህን አስቀድማ የማወቅ መብት አላት። ዘመድ በፍቅር የላከውን ክኒን ከመዋጥ በፊት ለሐኪም ማሳየት ይገባል፤ ማይክሮግራምና ሚሊግራም ተምታቶ መጠኑ የተሳሳተ እንደሆነ አደጋው ቀላል አይደለም።

ስለ ሊዮታይሮኒን ዋጋም አንድ ምሳሌ እንጥቀስ። በእንግሊዝ የአንድ ፓኬት ዋጋ በ2009 20 ፓውንድ ነበር፤ በ2017 248 ፓውንድ ደረሰ። ለመድኃኒቱ የአገሪቱ የጤና አገልግሎት በ2006 ያወጣው 600,000 ፓውንድ ሲሆን በ2016 ከ30 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ሆነ። መድኃኒቱ አዲስ አልነበረም፤ አቅራቢው አንድ ብቻ መሆኑ ነው ዋጋውን እንዲህ ያስወነጨፈው። የአገሪቱ የገበያ ውድድር ተቆጣጣሪ በ2021 ኩባንያዎቹን ከ100 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ቀጥቷል። እስከዚያው ግን መድኃኒቱን የተከለከሉ ታማሚዎች ነበሩ። ሀብታም አገር ያልቻለውን ዋጋ የእኛ የቁጠባ ሳጥን አይችለውም።

ወደ አገራችን ስንመለስ

በደጋው አገራችን አፈሩን ዝናብ ስለሚያጥበው አዮዲን ያንሳል፤ እንቅርትም የቆየ ሕመማችን ነው። በ2011 የወጣው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ለምግብ የሚውል ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲኖረው አስገድዷል። ይህ ለልጆቻችን ታላቅ ነገር ነው። ነገር ግን ጨውና ክኒን አንድ አይደሉም። አዮዲን ያለው ጨው ጤነኛ ዕጢ እንዳይታመም ይረዳል፤ የወጣን ወይም በራሱ በሰውነት መከላከያ የተጎዳን ዕጢ አይተካም። ይህን ሁለተኛውን ሕመም ጃፓናዊው ሐኪም ሃካሩ ሃሺሞቶ በ1912 ሲገልጸው ያቀረባቸው አራቱም ታማሚዎች ሴቶች ነበሩ። ስለዚህ «ጨው ቀይሬያለሁ» ብላ ክኒኗን ያቆመች እህት ካለች ቶሎ ወደ ሐኪሟ ትመለስ። መድኃኒቱ ከደም የሚወጣው ቀስ ብሎ ስለሆነ ባቆሙት ሰሞን ምንም አይሰማም፤ ዕዳው ግን እየተጠራቀመ ነው።

ሌቮታይሮክሲን የዓለም ጤና ድርጅት መሠረታዊ ከሚላቸው መድኃኒቶች አንዱ ነው። የአወሳሰዱ ጉዳይ ግን የዋጋውን ያህል ክብደት አለው። በባዶ ሆድ፣ በውኃ፣ ቁርስ ከመብላት ከግማሽ እስከ አንድ ሰዓት አስቀድሞ ይወሰዳል። በ2008 የጣልያን ሐኪሞች ክኒኑን በቡና የወሰዱ ሰዎች መድኃኒቱ በደንብ እንደማይሰርግላቸው አሳይተዋል፤ ቡና ለማናጣ ለእኛ ይህ የሌላ አገር ወሬ አይደለም። ቡናው ትንሽ ይቆይ። ለነፍሰ ጡር የሚሰጠው የብረት ክኒንና ካልሲየም ከታይሮይዱ ክኒን ጋር አራት ሰዓት መራራቅ አለባቸው። በጾም ወራትም ሆነ በረመዳን ሰዓቱን እንዴት ማስተካከል እንደሚቻል ሐኪምን መጠየቅ ነው፤ ከእራት በኋላ ሦስት ሰዓት ያህል ቆይቶ ማታ መውሰድም አንዱ መንገድ ነው።

በተለይ ለማርገዝ የምታስብ እህት ልብ ትበል። በ2004 በቦስተን የታተመ ጥናት ከ20 እርግዝናዎች በ17ቱ የመድኃኒቱ መጠን መጨመር እንዳስፈለገ፣ ጭማሪውም ከአምስተኛው ሳምንት ጀምሮ እንደሚመጣ አሳይቷል። ብዙዎቻችን በአምስተኛው ሳምንት ማርገዛችንን ገና አናውቅም። ስለዚህ እርግዝና እንደተጠረጠረ ወዲያው መመርመር የሕፃኑን አእምሮ መጠበቅ ነው።

ለሂሳባችን የምናቀርበው ሐሳብ

ከዚህ ሁሉ ተነስተን ለሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ የሚከተለውን እናቀርባለን።

አንደኛ፣ የሕክምና መደጎሚያው እስካሁን የሚሸፍነው የክኒኑን ዋጋ ብቻ ነው። የቲኤስኤች ምርመራ ዋጋም አብሮ ይሸፈን። ሳይለካ የሚሰጥ ክኒን ደረሰኝ እንደሌለው ወጪ ነው።

ሁለተኛ፣ ለየአባሏ የሦስት ወር መድኃኒት ከአንድ ፋብሪካ በአንድ ጊዜ ይገዛ። ጥራቱ ከተረጋገጠው ርካሹ ይመረጥ፤ ከተመረጠ በኋላ ግን በዋጋ ጥቂት ሳንቲም ልዩነት ምክንያት አይቀያየር።

ሦስተኛ፣ እያንዳንዷ አባል ትንሽ ካርድ ትያዝ። የፋብሪካው ስም፣ የክኒኑ መጠን በማይክሮግራም፣ የተገዛበት ቀንና የምርመራው ውጤት ይመዝገብበት። መድኃኒት ቤቱ ሌላ ካርቶን ሲሰጣት ልዩነቱን ወዲያው ታየዋለች፣ ለሐኪሟም ታሳያለች።

አራተኛ፣ ምርመራዋ ልክ ሆኖ ሕመሙ ያልለቀቃት እህት «ምንም የለሽም» ተብላ አትመለስ። የደም ማነስ፣ የቫይታሚን እጥረት፣ የእንቅልፍ ችግር ወይም የመንፈስ ጭንቀት ሊሆን ይችላልና ለሁለተኛ ሐኪም የሚሆን ወጪ ይመደብላት። ባለሙያው ሁለቱን ሆርሞን መሞከር ተገቢ ነው ካለ ጉዳዩ ለብቻው ይታያል።

ደጋፊዎቻችን «ርካሹን ግዙ» ያላችሁን ተቀብለናል። የምንለምናችሁ ከክኒኑ የሚተርፈው ገንዘብ ወደ ምርመራው እንዲዞር እንድትፈቅዱልን ነው። የኒውካስሏ ሴት 28 ዓመት የኖረችው ሐኪሟ ስለተከታተላትና መድኃኒቷ ስላልተቋረጠባት ነው፤ የመድኃኒቷ ዓይነትማ ዛሬ ማንም የማይመርጠው የበግ ዕጢ ጭማቂ ነበር። የእያንዳንዱ ሐሳብ ዝርዝር በጀት ከጉባኤው በፊት ለሁላችሁም ይደርሳችኋል፤ ውሳኔው የጉባኤው ነው።